አሥር አንባቢ ለወይዘሮ እፀገነት

ተስፋዓለም ይህን ታሪክ ባወራ ቁጥር የሚጀምረው ከድሉ ሳይሆን ከጥፋቱ ነው። «መጽሐፌን ያረከሱብኝ መስሎኝ፣ ያከበሩትን ሰዎች ሦስት ዓመት ሙሉ ቀጣኋቸው» ይላል፤ ወደ ነገሩ የሚገባው ከዚህ ኑዛዜ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ተስፋዓለም በጭሮ ከተማ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ክፍል ኃላፊ ሲሆን፣ ከራሱ መደርደሪያ ለወደደው ሰው መጽሐፍ ያውሳል። ሕጉም ጥብቅ ነው፤ አንድ መጽሐፍ ለአንድ አንባቢ፣ ለሃያ አንድ ቀን፣ ከእጅ ወደ እጅ ሳይተላለፍ። ከሦስት ዓመት በፊት «የሐዲድ ጠባቂው ሚስት» የተሰኘውን ልቦለድ አክረም ለተባለ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት ጎልማሳ አዋሰው። በሃያ አንደኛው ቀን መጽሐፉ ሲመለስለት ገለጥ ቢያደርገው በገጾቹ መካከል አሥራ አንድ የደረቁ የልጥ ቁራጮች ተሰግስገው አገኘ። የጫት እስር የሚታሰርበት ልጥ ነው፤ በጭሮ የሚኖር ሰው ዓይኑን ጨፍኖ በመዳሰስ ብቻ ይለየዋል። እያንዳንዱ ቁራጭ ጫፉ ላይ ተቋጥሯል፤ በየቁራጩ ሥር ያለው ወረቀትም ቢጫ አረንጓዴ እድፍ ይዟል።

የአክረም ዘመዶች ጫት ነጋዴዎች መሆናቸውን ያውቃልና፣ ለመፍረድ አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። መጽሐፉ ወፍራም ነው፤ እርጥብ ልጥ ተጭኖ እንዲደርቅ ወፍራም ነገር ይፈልጋል፤ አለቀ። በመሥሪያ ቤቱ የሻይ ሰዓት «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ሲሉ እሰማ ነበር፤ ለካ የቅርብ መጽሐፍም ልጥ ይደርቅበታል!» ብሎ ባልደረቦቹን አሳቀ። ከሳቁ በኋላ የውሰት መዝገቡን አወጣና የአክረምን ስም በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘ። አክረም ደግሞ ራሱን አልተከላከለም። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «አፉ ይበሉኝ፣ ጋሼ» ብቻ አለ። ዝምታው የጥፋተኛ ዝምታ ይመስል ነበር።

ተስፋዓለም ተወልዶ ያደገው ደብረ ታቦር ነው። በሃያ ሰባት ዓመቱ ተመድቦ ወደ ጭሮ ሲመጣ ሁለት ዓመት ሠርቶ ሊመለስ አስቦ ነበር፤ ሃያ አራት ዓመት ቆየ። ሌላው ሠራተኛ የዓመት ፈቃዱን ለዘመድ ጥየቃ ወይም ለሐኪም ቤት ሲያውለው፣ እሱ አዲስ አበባ ሄዶ ደራስያን ፍለጋ ይዞራል። እስካሁን ዐሥራ ሰባቱን አግኝቷል። በወጣትነቱ እንደ ጻድቅ ያያቸው የነበሩ አንድ ዝነኛ ልቦለድ ጸሐፊ አንድ ሰዓት ሙሉ ያወሩት ስለ ጉልበታቸው ሕመም ነበር። አንድ ገጣሚ ደግሞ የገዛ ግጥሙ ሲነበብለት አንቀላፋ። ተስፋዓለም በዚህ አልተከፋም። ደራሲን ማግኘት ወጥ ቤት እንደ መግባት ነው ይላል፤ ወጡን አያጣፍጠውም፣ ግን የማን እጅ እንደ ተቃጠለ ታያለህ።

ከዚህ ሁሉ ንባብና መንከራተት የተጠራቀመውን ዕውቀት በየወሩ መጀመሪያ ሰኞ በአንድ ገጽ ላይ ጽፎ በአክረም ፎቶ ኮፒ ቤት መስታወት ላይ ይለጥፋል፤ የአክረም ስም ከተሰረዘ በኋላም ማንም ገጹን ከዚያ ሊያነሣው አልደፈረም። ርዕሱ «ተስፋዓለም ያነበባቸው» ነው። ስለ አንዱ መጽሐፍ «ለሚቸኩል ሰው አይሆንም፤ ደራሲውን አግኝቼዋለሁ፣ እሱም አይቸኩልም፣ ሻዩን አቀዝቅዞ ነው የሚጠጣው» ይላል። ስለ ሌላው ደግሞ «የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ ገጾች ዝለል፤ ደራሲው ራሱ እንድዘላቸው መክሮኛል» ብሎ ጽፏል። ሰዎች ይህን ገጽ እያባዙ ይወስዱታል። በአንዳንድ ወር መቶ ቅጂ ይወጣለታል። ተስፋዓለምም መቶ ቅጂ ማለት መቶ አንባቢ ማለት ነው ብሎ ያምን ነበር።

በየዓመቱ ሳይቀር በዚያ ገጽ ላይ የሚሰፍረው «የሐዲድ ጠባቂው ሚስት» ነው። የወይዘሮ እፀገነት ብሩ ብቸኛው የታተመ መጽሐፋቸው ነው። ከመኢሶ ወዲያ ባለ አንድ የቆላ ጣቢያ የምትኖር እንቁ የምትባል ሴት ታሪክ ነው፤ ባሏ አንድ ቀን ባቡር ተሳፍሮ ሄዶ ይቀራል፤ እሷ ዘጠኝ ዓመት የጣቢያውን ፋኖስ ታበራለች፤ በመጨረሻም አንድ ከሰዓት በኋላ ፍየሏን ከግራሩ እንዳሰረች ባቡር ላይ ትወጣለች። ተስፋዓለም ስለዚህ መደምደሚያ «ታስራ የቀረችው ፍየል የሴቲቱ ዕጣ ምሳሌ ናት፤ በቋንቋችን ከዚህ የጠለቀ ምሳሌ አላነበብኩም» ሲል ጽፏል። በዚህች ዓረፍተ ነገር በልቡ ይኮራ ነበር።

ባለፈው ጥር ወይዘሮ እፀገነትን በአካል አገኛቸው። አራት ኪሎ አካባቢ ካለ አንድ የመጽሐፍ መደብር ጥግ፣ ከተከመሩ የመማሪያ መጻሕፍት አጠገብ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው ተቀምጠው ነበር። ዕድሜያቸው ሰባ አንድ ነው። እጅ ነሥቶ ራሱን ካስተዋወቀ በኋላ ሁሉም የሚጠይቀውን ጠየቀ።

«ሁለተኛው መጽሐፍዎ መቼ ይወጣል?»

«ካለቀ ስምንት ዓመቱ። አሳታሚም አለው።»

«ታዲያ ምን ያዘው?»

«ለማን ላሳትመው?» አሉ፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ። «ለምረቃው የሚመጣ ሰው ሞልቷል። ፎቶግራፍ የሚነሣም ሞልቷል። የመጨረሻዋን ገጽ ያየ ሰው ግን በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስንት እንዳጋጠመኝ ታውቃለህ? የእነዚህ ሁለት እጆቼ ጣቶች ይተርፉኛል።»

የተስፋዓለም ኩራት ከጥንቃቄው ቀድሞ አፉን ከፈተው። «እትዬ፣ ጭሮ ውስጥ ብቻ መቶ አንባቢ አለኝ!»

አሮጊቷ አተኩረው አዩት። «መቶውን ተወው፣ ልጄ። አሥር አሳየኝ። መጽሐፌን ከዳር እስከ ዳር የሚያውቁ፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ያሉ አሥር ሰዎች። በዓይኔ ካየኋቸው ረቂቁን ለማተሚያ ቤት እሰጠዋለሁ። ካላየሁ ግን ከእኔ ጋር ይቀበራል፤ ከዚያ ወዲያ አንተም ሆንህ ሌላ ሰው አትጠይቁኝ።» ጭሮ ድረስ ሊመጡም ቃል ገቡ፤ ቀኑም ተቆረጠ። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሁለተኛ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ወደ ጭሮ ሲመለስ አውቶቡሱ ውስጥ በደስታ መቀመጥ አቅቶት ነበር። ደስታው የቆየው ግን አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ገጹን እያባዙ ይወስዱ የነበሩትን ሰዎች አንድ በአንድ እያገኘ ይመረምር ጀመር። አንድ የባንክ ሠራተኛ ወረቀቱን ከጠረጴዛው መስታወት ሥር ያደረገው ደንበኛ እንዲያየው ነበር። አንድ ጤና መኮንን በቅንነት ደረቱን ነፍቶ «እኔ ርዕሶቹን ነው የማነበው፣ ጋሼ፤ ርዕሶቹ ራሳቸው ያጠግባሉ» አለው። ዘርፈሽዋል የምትባል መምህርት አርባኛው ገጽ ድረስ ደርሳ ፈተና ማረም መጣባትና እዚያው ቀረች። አምስት ሳምንት ፈልጎ መጽሐፉን የጨረሰ ሰው ያገኘው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ራሱ ነው።

በዚያ ሰሞን ያደረበትን ነገር ሐዘን ማለት ያንሰዋል። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ለበረሃ ሲሰብክ የኖረ መሰለው። ከሁሉ የከበደው ደግሞ የራሱ ውርደት አልነበረም። ካለቀ ስምንት ዓመት የሆነው የአንዲት ሴት ሥራ፣ ማንም ሳያየው፣ በእሱ ጉራ ምክንያት ወደ መቃብር ሊወርድ ነው።

የስብሰባው አዳራሽ የተገኘው በመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ በታምራት ትጋት ነው። ታምራት ባነር አሠርቷል፣ የድምፅ ማጉያ ተከራይቷል፣ የተስፋዓለምን ፊት አይቶም መፍትሔ አበጅቷል።

«በሁለት ገጽ አሳጥረው» አለ። «ለአሥር ጎበዝ ሰው እናድላለን። በሁለት ቀን ይሸመድዱታል።»

«ይኼማ ማጭበርበር ነው።»

«ማብራሪያ ጽሑፍ ይባላል! አንተ ሰውዬ፣ የማያስፈልግ ኅሊና ከየት ነው የምታመጣው? መጽሐፉ ይታተም፣ አይታተም?»

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ አሸነፈው። ሦስት ቀን ሲቀረው ረቡዕ ዕለት ማጠቃለያውን ጻፈ፤ በሕይወቱ ከጻፋቸው ገጾች ሁሉ ያፈረባቸው እነዚህ ሁለቱ ናቸው። በምሳ ሰዓት አጣጥፎ ወደ አክረም ቤት ወሰዳቸው። አክረም ዙህር ሊሰግድ ወጥቶ ነበር። ከማሽኑ ኋላ የቆመችው ኢንሳፍ ናት፤ የአክረም ታናሽ እህት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ጠዋት ጠዋት በአክስቷ በሞሚና የጫት ማሰሪያ ግቢ የምትሠራ።

«አሥር አሥር ቅጂ» አላት።

ኢንሳፍ የመጀመሪያውን ገጽ ማሽኑ ላይ አስተኛች፤ ክዳኑን ግን አልዘጋችም። ጎንበስ ብላ አነበበች። ከዚያ ሁለተኛውን አነሣች።

«ጋሼ፣ ይኼ ልክ አይደለም።»

«ምኑ?»

«እንቁ ፋኖሱን አላጠፋችውም። እርስዎ አጥፍታ ሄደች ብለዋል። እሷ እኮ በቀን ብርሃን አብርታው ነው የሄደችው፤ ለሚመጣው ሰው ብላ።»

ተስፋዓለም ቅር ብሎት ከቦርሳው መጽሐፉን አወጣና ገለጠ። ልክ ናት። ሦስት ጊዜ ያነበበው መጽሐፍ ውስጥ ፋኖሱን በገዛ ሐሳቡ አጥፍቶት ኖሯል።

«አንቺ ይህን የት አነበብሽው?»

ልጅቷ ወደ በሩ አየት አደረገች፤ ወንድሟ ቢመጣ የሚያድናት ይመስል። አልመጣም። «ጋሼ፣ ይቆጣሉ።»

«አልቆጣም።»

«አንድ መጽሐፍ ለአንድ አንባቢ አይደል ሕጉ? እኛ ግን አሥራ ሁለት ነበርን።»

ከዚያ ነገረችው። ጠዋት ጫቱ ከገጠር ይገባል፤ ሴቶቹ በዳሱ ሥር ክብ ሠርተው ተቀምጠው ቅጠሉን ይመርጣሉ፣ ያስራሉ፤ እጅ ሥራ ይይዛል፣ ጆሮ ግን ሥራ የለውም። እሷ መሐል ተቀምጣ በአማርኛ የተጻፈውን በኦሮምኛ እየመለሰች ታነብላቸዋለች። አንዷ ልጅ ልታጠባ፣ አንዷ ልትሰግድ፣ አንዷ ቅርጫት ልትቀበል ትነሣለች። የተነሣችው ሴት ያቆመችበት ገጽ እንዳይጠፋባት ከያዘችው ልጥ ቆርጣ ትሰጣታለች፤ ኢንሳፍም ገጹ መሐል ትከተዋለች። ልጡ የማን እንደ ሆነ በቋጠሮው ይታወቃል፤ በግቢው ያለች ሴት ሁሉ የየራሷ አቋጠር አላት፣ ነጋዴው የጎደለ እስር ቢያገኝ የማን እጅ እንደ ሆነ የሚለየው በዚሁ ነው። በማግሥቱ ንባቡ የሚቀጥለው ከሁሉ ኋላ ከቀረው ልጥ ነው። የሰሙት ድጋሚ ይሰማሉ።

«አንድ ጊዜ ጨርሰነው ሁለተኛውን ዙር ጀምረን ነበር፤ ሃያ አንዱ ቀን ሞላ። አክረም ሮጦ ወሰደው። ልጦቹን እንኳን ለማውጣት ጊዜ አልሰጠንም።»

ተስፋዓለም በእንግዳ ወንበር ላይ ተቀመጠ። በሻይ ሰዓት ያሳቀበት ተረት አሁን ዞሮ ራሱን ወጋው፤ ጠበሉን የናቀ እሱ ነበርና። ዐሥራ ሰባት ደራስያን ፍለጋ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ሲመላለስ የኖረ ሰው፣ ከቢሮው ሦስት መቶ እርምጃ ያለውን ግቢ አያውቀውም። ማጠቃለያውን ከማሽኑ ላይ አንሥቶ አራት ቦታ ቀደደው።

«ዋይ! ገና ሳይባዛ?» አለች ኢንሳፍ።

«አይባዛም። አሥራ ሁለታችሁም አላችሁ?»

«ሁለቱ አግብተው ገለምሶ ሄደዋል።»

አሥር። ቁጥሩ ከአፏ ሲወጣ ተስፋዓለም እንደ ልጅ ሳቀ፤ ኢንሳፍ ግራ ገብቷት አየችው።

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ግቢው ሄደ። ሞሚና ዳሱ አፍ ላይ ቆማ ተቀበለችው፤ ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ድምፅዋ ከጡሩምባ የማይተናነስ ሴት ናት።

«ኦቦ ተስፋዓለም ማለት አንተ ነህ? በቀይ እስክሪብቶ የገደልከን?»

ሴቶቹ ከክቡ ውስጥ በሳቅ ፈነዱ። እሱም ቆሞ ይቅርታ ጠየቀ፤ ጠቅላላውን፣ የልጡንም የሻይ ሰዓቱንም ነገር ሳይደብቅ ተናገረ። የሁሉ ታላቅ የሆኑት ሳቢት፣ እጃቸው ማሰር ሳያቋርጥ፣ «ጥፋቱን የሚናገር ወንድ ዛሬ አየሁ፤ አልሐምዱሊላህ» አሉ። ዳግመኛ ተሳቀ። ነገሩ እንዲህ ቀለለ።

ደራሲዋ ቅዳሜ እንደሚመጡ ሲነግራቸው ግን አንድ ችግር ተነሣ። «ቅዳሜ?» አለች ሞሚና። «ቅዳሜ እኮ የድሬዳዋ ጭነት ነው። አይሱዙው ሳይነሣ ማንም ከዚህ አትወጣም። ቀድሜ ልንገርህ፣ አንዲት ደራሲ አይደለም፣ አሥር ደራሲ ቢመጣ ጫት አይጠብቅም።»

«ስንት ሰዓት ይነሣል?»

«ስምንት። ካልዘገየ።»

ስምንት ሰዓት ወይዘሮ እፀገነት መድረክ ላይ የሚቀመጡበት ሰዓት ነው።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። ታምራት ስድሳ ያህል ሰው ሰብስቧል፤ ሁሉም ክራቫትና ነጠላቸውን አሳምረዋል። ወይዘሮ እፀገነት አበባ ተበረከተላቸው፣ ሁለት ንግግር ተደረገላቸው። ከዚያም ማይክሮፎኑን ወደ ጎን ገፍተው በራሳቸው ድምፅ ጠየቁ።

«መጽሐፌን የጨረሰ እጁን ያውጣ።»

ስድሳ እጅ ተነሣ። ከመጨረሻው ረድፍ የተቀመጠው ተስፋዓለም የራሱን እጅ ማንሣት አልቻለም።

«እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲህ ልጠይቃችሁ፤ መደምደሚያው ላይ ምን ቅር አላችሁ?»

የባንኩ ሠራተኛ ተነሥቶ «ምንም ቅር የሚያሰኝ ነገር የለውም» ብሎ ተቀመጠ። ቀጥሎ ጤና መኮንኑ ተነሣና ጉሮሮውን ጠርጎ «ታስራ የቀረችው ፍየል የሴቲቱ ዕጣ ምሳሌ ናት፤ በቋንቋችን ከዚህ የጠለቀ ምሳሌ የለም» አለ። ከእሱ ኋላ የተነሣውም ፍየሏ የሴቲቱ ዕጣ ምሳሌ ናት አለ። ሦስተኛውም። ተስፋዓለም የገዛ ዓረፍተ ነገሩ በሦስት አፍ ተደጋግሞ ሲመለስበት ጆሮው ጋለ። ወይዘሮ እፀገነት በትሕትና ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰዓታቸውን አዩ፤ ዘጠኝ ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው። ዱላቸውን አነሡና የቦርሳቸውን ዚፕ ዘጉ።

የአዳራሹ በር የተከፈተው ያን ጊዜ ነው። ሳቢት ፊት፣ ሞሚና ከኋላ ሆነው አሥሩ ሴቶች ገቡ፤ ሻሻቸው ላይ ቅጠል ተጣብቋል፣ ጣቶቻቸው አረንጓዴ ናቸው። ታምራት በእጁ ወደ ኋላ ወንበር ሊመራቸው ሞከረ። ሳቢት እጁን እንደ ዝንብ ገፋ አድርገው እስከ መድረኩ ሥር ሄዱ።

«አሰላሙ አለይኩም። አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«እርስዎ ይበሏቸው» ብላ ኢንሳፍ ከጎናቸው አንሾካሾከች።

«እሷም አሮጊት፣ እኔም አሮጊት፤ ምን እርስዎ አለው!» አሉ ሳቢት። «ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ስፈልግ ነበር። ፍየሏን ማን ፈታት?»

ወይዘሮ እፀገነት የያዙትን ቦርሳ መልሰው አስቀመጡ። «የትኛዋን ፍየል?»

«የእንቁን ነዋ! ዘጠኝ ዓመት ወተቷን የጠጣችውን። ከግራሩ ታስራለች፣ ገመዷ አጭር ነው፣ ገንዳው ከሐዲዱ ማዶ ነው፤ ራስሽ ነሽ የጻፍሽው። የመኢሶ ፀሐይ እኮ ነው! ሁለት ቀን አትቆይም። እኔ ልንገርሽ፣ ሴት ባል ትታ ትሄዳለች፣ ቤት ትታ ትሄዳለች፤ ፍየል አስራ አትሄድም።»

ታምራት ጣልቃ ገባ። «እናቴ፣ እዚህ ላይ ፍየሏ ምሳሌ ናት...»

«ምሳሌም ብትሆን ይጠማታል» አሉት፣ ዞረውም ሳያዩት።

ወይዘሮ እፀገነት መሳቅ ጀመሩ። ሳቃቸው ከሆድ የሚነሣ፣ ሰውነታቸውን የሚያንቀጠቅጥ፣ እንባ ያለበት ሳቅ ነበር። ዱላቸው ወድቆ ተንከባለለ፤ የሚያነሣው አልነበረም።

«ረስቻት ነው» አሉ ትንፋሽ ሲያገኙ። «ረስቻት እኮ ነው! መጽሐፉ ታትሞ ወጣ፣ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለችኝ። ልናገር ስል አንዱ ሊቅ ተነሥቶ ምሳሌ ናት ብሎ ጻፈ። ሌላው ተከተለው። እኔም ረስቻት ነው ለማለት አፈርኩ። ሠላሳ ዓመት! ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንኳን አልጠየቀኝም።»

«እኛ ፈትተናታል» አለች ኢንሳፍ፣ ፊቷ ቀልቶ። «አፉ ይበሉኝ። እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ ፍየሏ ካልተፈታች አታነቢም ብለው ከለከሉኝ። ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ።»

«በይ እስቲ እንዳነበብሽው በይው።»

«እንቁን ዴቢቴ፣ ፉንዮ ሬኤ ሂክቴ።» ከዚያ በአማርኛ መለሰችው። «እንቁም ተመለሰችና የፍየሏን ገመድ ፈታች።»

ደራሲዋ ቃሉን በከንፈራቸው ደገሙት። ከመድረኩ ወርደው ወንበር አስጠጉና ከሴቶቹ መሐል ተቀመጡ። ጠቡ የተጀመረው ከዚያ ነው። ሞሚና የእንቁ ባል ተመልሶ መምጣት ነበረበት ስትል፣ ጎረቤቷ «መጥቶ ምን ሊሠራ? ምሳ ሊጠይቅ?» አለቻት። ሳቢት ዘጠኝ ዓመት መጠበቅ ይበዛል፣ ሦስት ይበቃ ነበር ብለው ተከራከሩ። አንዲት ወጣት ደግሞ እንቁ የወረደችው አሰቦት ላይ ነው አለች፤ እዚያ ያለውን ገዳም የሚሳለሙ ሰዎች ባቡሩ ውስጥ እንደ ነበሩ አሥር ገጽ ቀደም ብሎ ተጽፏልና ከእነሱ ጋር ወርዳ መሆን አለበት። ወይዘሮ እፀገነት ይህን ሲሰሙ ከቦርሳቸው ደብተር አውጥተው ጻፉ። ጽፈው ሲጨርሱም ሴቶቹን በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር፤ አሥረኛው ጣት ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው በዓይናቸው ተስፋዓለምን ፈለጉ።

ተስፋዓለም ተነሥቶ ቆመ። ሊናገር ያዘጋጀው ረጅም ንግግር ነበረው፤ ሁሉም ጠፋበት። «እትዬ፣ አሥሩ እነዚህ ናቸው። እኔ አላስነበብኳቸውም። እንዲያውም ከልክያቸው ነበር። ስለ ፍየሏ የተነገረውንም ሞኝነት የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ሞኝነት አይደለም» አሉ ወይዘሮ እፀገነት። «የእኔን ግድፈት በጥሩ አማርኛ ሸፍነህልኝ ነው የኖርከው።»

መጀመሪያ የሳቁት ሴቶቹ ናቸው፤ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ሳቀ፤ ጤና መኮንኑም ሳይቀር። መምህርት ዘርፈሽዋል ከወንበሯ ተነሥታ ወደ ሴቶቹ ክብ ተጠጋች፤ ከእሷ ኋላ ሌሎች ወንበራቸውን እየጎተቱ መጡ። ባነሩ የተሰቀለበት መድረክ ባዶውን ቀረ። ጠባቂው ቁልፍ ይዞ በሩ ላይ እስኪቆም ድረስ ማንም አልወጣም፤ ጠባቂውም ራሱ ጥቂት ቆሞ አደመጠ።

በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ሰኞ በፎቶ ኮፒ ቤቱ መስታወት ላይ የተለጠፈውን ገጽ የጻፈችው ኢንሳፍ ናት። ተስፋዓለም የውሰት ሕጉን ሰረዘ፤ አርባ ሁለት መጻሕፍትም በሁለት ካርቶን አድርጎ በባጃጅ ወደ ሞሚና ግቢ ወሰደ። ወይዘሮ እፀገነት ግን ያን ቅዳሜ ጭሮ አድረው እሑድ ጠዋት ተሳፈሩ፤ በማግሥቱ ሰኞም የሁለተኛውን መጽሐፋቸውን ረቂቅ ለማተሚያ ቤት አስረከቡ።